መዝጋቢውና መርማሪው፦ የጠፋ ቅርስ እንዴት ወደ ቤቱ ይመለሳል?

ሐሙስ የገበያ ቀን ጅማ ከተማ ሄርማታ ገበያ የወጣ ሰው የጅማ በርጩማ ገዝቶ ቢመለስ ምን አደረግህ የሚለው የለም። ባለሙያው ሠርቶ ሸጠ፣ ገዢው ከፍሎ ወሰደ፣ አለቀ። አሁን ሌላ በርጩማ አስቡ። እንጨቱ ያው ዋንዛ፣ እግሩም ያው ሦስት፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ጅሬን ላይ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ግቢ ውስጥ ያገለገለ ነው። ይህኛው ያለ ፈቃድ ከአገር ቢወጣ ወንጀል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ግን ማን ይለያቸዋል? ፖሊሱ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው ወይስ ገዢው? በዓይን ብቻ ማናቸውም አይለዩዋቸውም። የሚለያቸው ቀድሞ ያየ፣ የለካ፣ ፎቶ ያነሳ፣ የማን እንደነበር ጠይቆ የጻፈ ሰው ነው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሰው ሥራ ነው። ሙዚየም ሕዝብን እንዴት እንደሚያስተምር የሚያጠና ትምህርት አለ። ቅርስ እንዴት እንደሚሰረቅ፣ እንደሚሸጥና እንደሚመለስ የሚያጠናም አለ። አንዳንድ ምሁራን ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። መጀመሪያ ሲሰሙት አንዱ የአስተማሪ፣ ሌላው የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ይመስላል። የኢትዮጵያን ታሪክ ስንከታተል ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ሕዝብ ያላወቀውን ቅርስ ከሌባ ማስጣል አይቻልም። ይህን በሕይወታቸው ያሳዩን ሰው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሲሆን

ፓንክረስት በ1927 እንግሊዝ አገር ተወለዱ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ በ1936፣ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁመው ለሃያ ዓመት ያሳተሙ ሴት ናቸው። ልጃቸው እንግዲህ የኢትዮጵያን ስም በቤታቸው እየሰሙ አደጉ። በ1956 እናትና ልጅ አዲስ አበባ ገቡ። ሲልቪያ በ1960 አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር የነበሩት ልጅ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ ጀመር፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረትም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

ተቋሙ የገባው ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውት ነበር። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አንድ ላይ ተሰባሰቡ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ስማቸው የሚነሳው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው፤ በኋላም የኢትዮጵያን ሥዕል ታሪክ ከጻፉ ታላላቅ አጥኚዎች አንዱ ሆነዋል።

ያን ጊዜ ሙዚየም ማቋቋም ዕቃ በመስታወት ሣጥን ማኖር ብቻ አልነበረም። ብራናው፣ መስቀሉና ሥዕሉ ከየገጠሩ ወጥቶ በከተማ ሱቆች ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ደግሞ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነው። ሙዚየሙ በዚህ ገበያ መካከል ቆሞ ዕቃው አገር ውስጥ እንዲቀር መሻማት ነበረበት። በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ለዚህ ገንዘብ እያሰባሰበ ብራናና ሥዕል እየገዛ ለሙዚየሙና ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቧል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አስቡበት። ሙዚየም ከገበያ ሲገዛ ቅርሱን ያድናል። ነገር ግን ገዢ መኖሩን ያየ ሌባ ነገ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢሰብርስ? በዓለም ሙዚየሞች ዘንድ ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም። ብዙዎች የተስማሙበት መንገድ ይህ ነው፦ ሙዚየም ዕቃው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ አይግዛ፣ የጠየቀውንም ይጻፍ። ያ ጽሑፍ ከሌለ የዳነው ቅርስና የተሰረቀው ቅርስ መደርደሪያው ላይ አንድ ይመስላሉ።

ሙዚየሙ እንዴት እንደሚያስተምር ደግሞ አዲስ አበባ ስትሄዱ ገብታችሁ እዩት። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ተከፋፍለው የተቀመጡ አይደሉም፤ በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው የተደረደሩት። መጀመሪያ ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ በመጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ከደቡብ የመጣው ከሰሜኑ ጎን፣ የአርብቶ አደሩ ከገበሬው ጎን ይቀመጣል። ጎብኚው ሳይነገረው አንድ ነገር ይማራል፤ ሁሉም ሕዝብ ልጁን ያሳድጋል፣ ይድራል፣ ሙታኑን ይሸኛል፣ አድራጎቱ ግን የየራሱ ነው። የሙዚየም ትምህርት ማለት ይህ ነው፤ አስተማሪው አደራደሩ ነው።

መቅደላ፦ ዘራፊው ራሱ የጻፈው ማስረጃ

አሁን ወደ ወንጀሉ እንለፍ። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፣ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በየአድባራቱ ከነበረው አሰባስበው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጁት ብራና፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀልና ታቦት ሁሉ ተዘረፈ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተደረገና የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።

ከጦሩ ጋር አንድ የሙዚየም ሰው ነበር፤ ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ነው የመጣው፣ በጨረታውም ዋናው ገዢ እሱ ነበር። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የወርቅ ዘውድ ከወርቅ ጽዋ ጋር ከአንድ ወታደር ላይ በአራት ፓውንድ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎችም ለሙዚየሙ ሄዱ። ሌሎች ብዙ መቶዎች በመንገድ ላይ ትግራይ ውስጥ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ካህናት ተሰጡ፤ የጨለቆትን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ልብ በሉ፤ የሙዚየም እውቀት ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። ሆልምስ የትኛው ብራና ውድ እንደሆነ ያውቅ ስለነበር ምርጡን መርጦ ወሰደ። ፓንክረስት ያንኑ እውቀት ገለበጡትና ለመመለስ ተጠቀሙበት። የሙዚየሞቹን መዝገብ፣ የዘመቻውን ሰዎች ማስታወሻ፣ የመንግሥት ደብዳቤዎችን፣ የጨረታ ካታሎጎችን እያነበቡ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ ተከታተሉ። በ1973 የአፄ ቴዎድሮስን የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ አሳተሙ። ዘራፊው ሲዘርፍ መዝግቦ ነበርና መዝገቡ መልሶ ምስክር ሆነበት።

አንዱ ዕቃ ብቻውን የመርማሪ ታሪክ ይወጣዋል። «ኩርዓተ ርእሱ» የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ሥዕል፣ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት ነበር። በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉና ሁለት ነገር ጠየቁ፤ የክብረ ነገሥትን መጽሐፍና ይህን ሥዕል። ሙዚየሙ ክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የት እንዳለ አናውቅም ተባሉ። ሥዕሉ በዚያን ጊዜ ሆልምስ ቤት ነበር። ሰውየው በንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ እየሠራ ሥዕሉን ለራሱ አስቀርቶታል። ነገሩ በአደባባይ የታወቀው በ1905 አንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ፎቶውን ሲያወጣ ነው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ ሥዕሉ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፣ ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። ጋዜጠኛው ማርቲን ቤይሊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዱካውን ተከትሎ እዚያ በግለሰብ እጅ እንዳለ አረጋግጧል።

የመቅደላ ዕቃዎች አንድ በአንድ ነው የተመለሱት። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከአፄ ቴዎድሮስ ሁለት ዘውዶች ብሩ ለንግሥት ዘውዲቱ መጣ፤ ወርቁ ለንደን ቀረ። በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የንጉሠ ነገሥቱን ቆብና ማኅተም አምጥተዋል። ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በ1999 የመቅደላ ቅርሶች አስመላሽ ማኅበርን መሠረቱ። በ2002 ኤድንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ጎዳናውን ሞልቶ ተቀበለው። በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ተመለሰ።

ያልተመለሰው ግን ይበዛል። አሥራ አንድ ታቦቶች ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ለጎብኚ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም፤ ወደ ተቀመጡበት ክፍል የሚገቡት የኢትዮጵያ ካህናት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሙዚየም የሚሠራው ለማሳየት፣ ለማጥናትና ለማስተማር ከሆነ፣ ታቦቱን በመያዝ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አያደርግም ማለት ነው። ለምን ታዲያ አይመልሱም? በ1963 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ አጥብቆ ይከለክለዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስድስት ኪሎ በሩን በከፈተበት በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የመመለሻው በር በሕግ ተዘጋ።

ሌባው የሚሄድበት መንገድ

የዘመናችን ስርቆት ጦርና ዝሆን አያስፈልገውም። የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ሌባው ሊገታ የሚችልበት ደካማ ቦታ አለና።

መጀመሪያ ዕቃው ያለበት ቦታ አለ፤ ከመንገድ የራቀ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤተሰብ ብራና ያለበት ቤት ወይም ጠባቂው ጥቂት የሆነ ሙዚየም። ቀጥሎ የሚሰርቀው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቅ ነው፣ የሚያገኘውም ከሁሉ ያነሰውን ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ደላላ ነው፤ ዕቃውን ወደ ከተማ ያመጣል። አራተኛው አውጪ ነው፤ አሮጌውን ከአዲስ የእጅ ሥራ ጋር ቀላቅሎ ድንበር ያሻግራል። አምስተኛው ወረቀት የሚሠራለት ነው። «የአያቴ ነበር፣ በ1950ዎቹ ከአዲስ አበባ ገዝተው ያመጡት ነው» የሚል ታሪክ ይጻፍለታል። ያ ወረቀት ከተሠራ በኋላ ዕቃው በንጹሕ ስም ጨረታ ላይ ይቀርባል። ዋጋው ከመጀመሪያው እጅ እስከ መጨረሻው እጅ ብዙ ጊዜ ተባዝቷል።

የብራና መጽሐፍ ከዚህ የባሰ ዕጣ አለው። አንዳንድ ነጋዴዎች መጽሐፉን ይበትኑና ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለየብቻ ይሸጣሉ። ሙሉው መጽሐፍ ባለቤቱን የሚናገር ጽሑፍ፣ የተሰጠበት ገዳም ስም፣ የመሬት ውል ሊኖረው ይችላል። ከተበተነ በኋላ ቅጠሉ የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። ስለዚህ መበተን ከትርፉ ሌላ ማስረጃ ማጥፊያም ነው።

የቅዱስ ላሊበላን አፍሮ አይገባ መስቀል ታስታውሱ ይሆናል። ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ይህ መስቀል በ1997 ተሰረቀ፤ ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ላሊበላ ተመለሰ። ለመገኘቱ ትልቁ ምክንያት ዝናው ነው። ምእመናን አውቀውታል፣ ጎብኚዎች ፎቶ አንስተውታል፣ መጻሕፍት ላይ ታትሟል። የትም ቢሄድ «ይህ እኮ የላሊበላው ነው» የሚል ሰው አላጣም። ማንም ፎቶ ያላነሳው የገጠር መስቀል ቢሰረቅ ግን ማን ይመሰክርለታል?

የተመለሱትን ያዳናቸው ማን ነው?

መልሱን ከሁለት ታሪኮች እንፈልግ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከአሜሪካው የኮሌጅቪል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆነው ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ቀረጹ። ካታሎጉን በማዘጋጀት ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በዚያን ጊዜ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ከተቀረጹት መጻሕፍት አንዱ ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው ያገኘው ከአንድ ሰብሳቢ በተሰጠ ስጦታ ነው። ምሁራን የዩኒቨርሲቲውን መጽሐፍና የማይክሮፊልሙን ምስል ሲያስተያዩ አንድ ሆነው አገኟቸው። ሃዋርድ በ2016 መጽሐፉን ለገዳሙ መለሰ። ክስ፣ ጠብ፣ የዓመታት ክርክር አልነበረም፤ ምስሉ ነገሩን ጨረሰው። በ1970ዎቹ ካሜራ ይዞ ደብረ ሊባኖስ የወጣው ባለሙያ ለምርምር ብሎ የሠራው ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ የወንጀል ማስረጃ ሆኖ ቆመ።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ጨለቆት ይመልሰናል። በ1998 ሮተርዳም የሚኖሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ሲራክ አስፋው ቤታቸው ካረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ ዘውድ አገኙ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ነው፤ ላዩ ላይ ሥላሴና ሐዋርያት ተቀርጸዋል። አቶ ሲራክ አገራቸውን ያውቃሉና ይህ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ እንጂ የገበያ ዕቃ እንዳልሆነ ገባቸው። እንግዳው ይዞት እንዳይወጣ ከለከሉ፤ ተመልሶ እንዳይጠፋም ሰግተው 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት። በመጨረሻ የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎችን በማፈላለግ የታወቀውን ሆላንዳዊ አርተር ብራንድን አማከሩ። አጥኚዎች ዘውዱ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋው እንደሆነ አረጋገጡ፤ በየካቲት 2020 አዲስ አበባ ገባ።

በሁለቱም ታሪኮች ዕቃውን ያዳነው እውቀት ነው። በአንዱ በፊልም የተቀመጠ፣ በሌላው በአንድ ስደተኛ ልብ ውስጥ የነበረ። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ኤምባሲ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ኢጣልያ በ1937 የወሰደችው፣ ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው የአክሱም ሐውልትስ? እሱ ሮም አደባባይ ላይ ተገትሮ ስለነበር የማን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረውም፤ በ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ልትመልስ ፈርማለች። እንዲያም ሆኖ እስከ 2005 ቆየ፣ በ2008 ነው አክሱም ላይ የቆመው። ፓንክረስትም ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር ለዚያ ታግለዋል። ማንም የማይክደው ባለ 160 ቶን ድንጋይ ለመመለስ ይህን ያህል ዓመት ከፈጀ፣ መዝገብ የሌለው ትንሽ ዕቃ ምን ያህል እንደሚቸገር ገምቱት።

ወደ እኛ ሰፈር

ይህ ሁሉ የሰሜንና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተማረኩ፤ ዘውዳቸውም ተወሰደ። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡትና ከአገር ወጣ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የቅርስ ወንጀል አጥኚዎች ይህን መሰል ታሪክ በተለየ ትኩረት ያዩታል፤ ምክንያቱም «ተመለሰ» ስንል ለማን እንደሆነ ያስጠይቃል። ለመንግሥት ነው? ለዋና ከተማው ሙዚየም? ወይስ ንጉሡን ንጉሣችን ይል ለነበረው ሕዝብ? ጥሩ ሙዚየም ይህን ጥያቄ ከጎብኚው አይደብቅም፤ ከዕቃው ጎን ጽፎ ያስቀምጠዋል።

ጅማ በአንድ ነገር ዕድለኛ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፤ ለአፄ ምኒልክ በሰላም ስለገበሩ ቤተ መንግሥታቸው እንደ መቅደላ አልተቃጠለም፣ ዙፋናቸውም እንደ ካፋው አልፈረሰም። ጅሬን ላይ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። የንጉሡና የቤተሰባቸው ዕቃዎች ከተማው መካከል ባለው ጅማ ሙዚየም ይታያሉ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚህ መጥቶ መንግሥቱን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶችን ጠይቆ በ1965 መጽሐፍ አሳትሟል። ሄርማታ ያኔ የንጉሡ ታላቅ ገበያ እንደነበረች፣ ከሩቅ አገር ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ባሪያም ሳይቀር የሚሸጥባት የነጋዴ መናኸሪያ እንደነበረች የምናውቀው እንዲህ ዓይነት ሰዎች ስለጻፉት ነው። ሉዊስ የጠየቃቸው ሽማግሎች ዛሬ የሉም፤ የተናገሩት ግን አለ።

ቅርሱ ሙዚየም ውስጥ ያለው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጅማ፣ በሊሙ፣ በአጋሮና በጎማ በየመስጊዱና በየቤቱ በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ። ሸኾቹ ያስተማሩባቸው፣ በኅዳጋቸው የልጅ ልደትና የውል ቀን የተጻፈባቸው መጻሕፍት ናቸው። የአባት ውርስ ስለሆኑ ቤተሰቡ በክብር ይጠብቃቸዋል፤ ሆኖም ጭስ፣ ምስጥና ዝናብ አሉ፣ «በጥሩ ዋጋ እገዛቸዋለሁ» የሚል እንግዳም አለ።

ለአንድ ዕቃ ዘጠኝ ጥያቄ

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ ይህን ማንኛችሁም ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በ1997 የጌቲ ተቋም ከፖሊሶች፣ ከጉምሩክ ሰዎች፣ ከሙዚየሞችና ከመድን ድርጅቶች ጋር ተመካክሮ አንድ ቅርስ ቢሰረቅ እንዲገኝ ቢያንስ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት አስቀመጠ። ፎቶ ከተነሳ በኋላ የሚመለሱት ጥያቄዎች ዘጠኝ ናቸው። በበርጩማችን እንሞክራቸው።

አንድ፣ ዕቃው ምንድን ነው? በርጩማ። ሁለት፣ ከምንና እንዴት ተሠራ? ከአንድ ግንድ ዋንዛ ተፈልፍሎ። ሦስት፣ ልኩ ስንት ነው? ቁመቱ፣ የመቀመጫው ስፋት፣ ከተቻለ ክብደቱ። አራት፣ ጽሑፍ ወይም ምልክት አለው? አምስት፣ ከመሰሎቹ የሚለየው ምንድን ነው? ስድስት፣ ስም አለው? ሰባት፣ የተቀረጸበት ነገር ምን ያሳያል? ስምንት፣ በየትኛው ዘመን ተሠራ? ዘጠኝ፣ የሠራው ማን ነው?

ከዘጠኙ ከሁሉ የሚበልጠው አምስተኛው ነው። በእጅ የተሠራ ዕቃ ሁሉ የራሱ ጠባሳ አለው፤ አንድ እግሩ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ በብረት የተጠገነ ጠርዝ፣ የተቃጠለ ነጥብ። ነጋዴ ዕቃውን ሊያጥበውና ቀለም ሊቀባው ይችላል፤ ስንጥቁን ግን ከነቅርጹ አያጠፋውም። ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ የሚያምረውን ጎን ብቻ አታንሱ፤ ከሥር ገልብጣችሁ፣ የተሰበረውንም አቅርባችሁ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሱ።

እንዲህ የተጻፈ መረጃ ካለ ዕቃው በጠፋ ማግሥት ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። የዓለም አቀፉ ፖሊስ ኢንተርፖል ከ50,000 በላይ የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች የተመዘገቡበት ቋት አለው፤ ከ2021 ጀምሮ ማንም ሰው በስልኩ ሊያየው ይችላል። ሐቀኛ ጨረታ ቤት ዕቃ ከመሸጡ በፊት መዝገቦችን ያገላብጣል። ፎቶና ልክ የሌለው ዕቃ ግን ቋቱ ውስጥ ሊገባ አይችልም። «አንድ አሮጌ በርጩማ ጠፋብን» ተብሎ የሚፈለግ ነገር የለም።

ሕጋችንም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የግለሰብም ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ግለሰቡ ግን ያስመዘግባል፣ ይጠብቃል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አያወጣም። ማስመዝገብ ማለት ማስረከብ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙ ቤተሰብ የአያቱን ብራና የሚደብቀው ይወስዱብናል በሚል ስጋት ነው። እንዲያውም መዝገቡ የባለቤቱ ጠበቃ ነው። ዕቃው ቢሰረቅ የእኔ ነበር የሚያሰኘው እሱ ነው፤ ደብረ ሊባኖስን አስቡ።

አስተማሪው ዘብ ነው

ፓንክረስት በየካቲት 2017 አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የመቅደላ ቅርሶች አብዛኞቹ ገና አልተመለሱም። የተዉልን ግን ማንም ሊነጥቀን የማይችል ነገር ነው፤ ምን እንደተወሰደ፣ ማን እንደወሰደው፣ የት እንዳለ ጽፈው አሳወቁን። ዛሬ ለንደን ውስጥ አንድ የመቅደላ ጋሻ ወይም ዋንጫ ጨረታ ላይ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ተቃውሞ የሚነሳውና ዕቃው ከጨረታ የሚወጣው ያንን ያነበበ ትውልድ ስላለ ነው። በ2021 እንዲህ ከጨረታ የተነሱ የመቅደላ ዕቃዎች ተገዝተው ለኢትዮጵያ ተሰጥተዋል።

ከዚህ ተነስቼ የምለምናችሁ ነገር አለ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ጅማ ሙዚየምና ጅሬን ስትወስዱ አስጎብኚው የሚለውን ሰምተው ብቻ እንዳይመለሱ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ ይምረጥ፣ ዘጠኙን ጥያቄ ይጠይቅበት፣ መልሱን በደብተሩ ይጻፍ፣ ያላገኘውን ቤቱ ሄዶ አያቱን ይጠይቅ። አርባ ተማሪ አርባ ዕቃ ያውቃል ማለት ነው። የቤተሰብ ብራና ወይም የቆየ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ ፎቶውን አንስታችሁ፣ የሰማችሁትን ታሪክ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን በዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ። ይህን ለመጀመር በጀትም አዋጅም አንጠብቅም፤ ስልክ፣ ሜትርና እርሳስ ይበቃል። አንድ ልጅ አንድን ዕቃ በስሙ፣ በልኩና በጠባሳው ካወቀው፣ ያ ዕቃ በልጁ ዕድሜ ሙሉ ምስክር አያጣም።